ከኤድመንድ ራይስ በላይ ያለው ባዶ ቦታ

የባለቤቴን የዘር ሐረግ ከእርሷ አንስቼ እስከ ዲያቆን ኤድመንድ ራይስ ድረስ በሰነድ አስሬ ሰሞኑን ጨረስኩ። ልጅን ከወላጁ ጋር የሚያገናኘው እያንዳንዱ መስመር የልደት፣ የጋብቻ፣ የውርስ ወይም የመሬት ሽያጭ ወረቀት አለው፤ «ይባላል» ብዬ ያለፍኩት የለም። ደስታዬን ገና ሳልጠግበው፣ ብዙ ሰው በጋራ በሚሞላው አንድ የኢንተርኔት የዘር ዛፍ ላይ ከኤድመንድ በላይ አባት፣ ከአባቱ በላይ አያት፣ ከእነርሱም በላይ የዌልስ መሳፍንት ተደርድረው አየሁ። ከዚህ ቀደም ማስረጃ ጠይቄ ተነሥተው ነበር። አሁን ተመልሰዋል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ንዴት ነው።

ሰውየውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤድመንድ ራይስ ከ1620 እስከ 1640 ከእንግሊዝ ወደ ኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከተሻገሩት 20,000 ያህል ሰዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ የሚበዙት ፒዩሪታኖች ነበሩ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ሥርዓት ገና አልጠራችም ብለው የሚያምኑ ፕሮቴስታንቶች። ዊሊያም ሎድ በ1633 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላ ጫናው ሲበረታባቸው ብዙዎቹ ቤተሰብ ጠቅልለው ባሕር ተሻገሩ። ኤድመንድም ከሚስቱ ከቶማሲን ፍሮስትና ከልጆቹ ጋር መጥቶ፣ ከቦስተን በስተ ምዕራብ በምትገኘው በሰድበሪ መሬት ከተመሩት የመጀመሪያ ሰፋሪዎች መካከል ሆነ። በ1656 «መሬት ጠበበን፣ አዲስ መንደር ይፈቀድልን» ብለው ካመለከቱት አንዱ ነበር፤ ያ መንደር ማርልቦሮ ሆነ። በሜይ 1663 ሞተ። መሬቱ ግን ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ሰፋሪዎች መጻፍ ደስ አይለኝም።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። አያቴ በርስት ክርክር ጊዜ ሐረጋቸውን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በቃላቸው ይወርዱት ነበር። ስለዚህ መሬት በተካፈለበት ቦታ ሁሉ የዘር ቆጠራ እንደሚጠነክር፣ እዚያው ላይ ደግሞ የሚጠቅም አባት ቶሎ እንደሚገኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ኤድመንድ ለልጆቼ አቅኚ አባት ነው። የምከራከረውም ስለዚህ ነው።

የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ቀላል ስለሆነ አላንዛዛውም። ወደ ኋላ እስከ 1850 ያደረሰኝ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ዓመት በፊት ቆጠራው የሚመዘግበው የቤቱን አባወራ ስም ብቻ ስለሆነ ሚስትና ልጆች በቁጥር ታልፈዋል። ማሳቹሴትስ ከ1841 ጀምሮ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በግዛት ደረጃ ትመዘግባለች፤ ከዚያ በፊት ላለው ደግሞ የብዙዎቹ ከተሞች ጥንታዊ መዝገብ በፊደል ተራ ተደርድሮ ታትሟል። መሀል ላይ አንዲት አያት የአባቷ ስም ጠፍቶብኝ ብዙ አስቸግራኛለች። በመጨረሻ የተገኘችው አባቷ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ መሬቱን ሲሸጡ በፈረሙት ውል ላይ ነው፤ ከባሏ ስም ቀጥሎ የእርሷም ስም አለ። ሴቶች የጠፉባችሁ ሰዎች የልደት መዝገብ ላይ አትድረቁ፤ የመሬት ውል አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ኤድመንድ በሰነድ ብቅ የሚለው ኦክቶበር 15 ቀን 1618 ነው፤ በሳፎክ አውራጃ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ ቶማሲን ፍሮስትን ሲያገባ። ከዚያ ልጆቹ በዚያው አውራጃ በስታንስቴድ መንደር፣ ቀጥሎም በሃርትፎርድሺር በበርክሃምስቴድ ይጠመቃሉ። በኤፕሪል 1656 በሰጠው የምስክርነት ቃል ዕድሜው 62 ያህል እንደሆነ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ የተወለደው በ1594 ገደማ ነው እንላለን። ከጋብቻው በፊት ግን ሰውየው የለም። የጥምቀት መዝገቡ አልተገኘም፤ ልጄ ነው ብሎ የተናዘዘለት አባትም አልተገኘም። የእንግሊዝ አጥቢያዎች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 ቢሆንም መጻሕፍቱ በየቦታው በስብሰዋል፣ ተቀድደዋል፣ ጠፍተዋል።

እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው ሰው መሳፍንት የሚተክለው። ራይስ የሚለው ስም ከዌልሱ ሪስ ጋር ስለሚቀራረብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤድመንድን ከዌልስ ባላባቶች ጋር የሚያገናኝ ሐረግ ታተመ፤ በየቤቱም ገባ። በ1930ዎቹ ዶናልድ ላይንስ ጃኮበስ የተባለው የኒው ሄቨን ሰው ሐረጉን ክር በክር ፈትቶ ማስረጃ እንደሌለው አሳየ። ጃኮበስ በአሜሪካ የዘር ጥናት «ሰነድህ የት አለ?» ማለትን ያስለመደ ሰው ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ አክብሮቴ ሁሉ ለእርሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሐረጉ እውነት ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለልጆቼ የቤተ መንግሥት ታሪክ መንገር ማን ይጠላል? ግን ስሙ ስለገጠመ ብቻ የማላውቀውን ሰው አባት አድርጌ ለልጆቼ አላወርስም።

ታዲያ ወደ ላይ መውጣት ካልተቻለ ወደ ጎን ነው መሄድ። የሰውየውን አማቾች፣ ጎረቤቶች፣ ምስክሮች፣ አብረውት የተሰደዱትን መከተል ማለቴ ነው። ይህን ዘዴ ከሌላው ሁሉ አስበልጣለሁ፤ ወደ ጎን ሳይሄዱ ወደ ላይ የሚሮጡ ሰዎች የሚሠሩትን ሐረግም አላምንም። ምን እንዳስገኘልኝ እነሆ። የፍሮስት ቤተሰብ በስታንስቴድ በደንብ ይታወቃል። የቶማሲን ታላቅ እህት ኤልሳቤጥ በ1605 እዚያው መንደር ሄንሪ ራይስ የሚባል ሰው አግብታ ነበር። ሁለት ራይሶች ሁለት እህትማማቾችን አገቡ ማለት ነው። ሄንሪ ሲሞት ኤልሳቤጥ ፊሊሞን ዌል የሚባል ሰው አገባች፤ ይህ ዌል ኋላ ከኤድመንድ ጋር በማሳቹሴትስ ሰድበሪ ይገኛል። ኤድመንድ ለመጀመሪያ ወንድ ልጁ ያወጣለት ስምም ሄንሪ ነው። እነዚህን አንድ ላይ ሳያቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይሆኑ አይቀሩም እላለሁ። «ሳይሆኑ አይቀሩም» ግን በዛፌ ላይ በነጠብጣብ መስመር ነው የተሰመረው፤ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ነጠብጣቡ አይሞላም።

የቀን አቆጣጠሩን እኛ በሁለት ካላንደር የምንኖር ሰዎች ቶሎ የምንለምደው ይመስለኛል፤ ብዙ አሜሪካውያን ይሰናከሉበታል። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት የሚጀምሩት ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ጃንዋሪ፣ ፌብሯሪና አብዛኛው ማርች ባለፈው ዓመት ውስጥ ይቆጠራሉ። የኤድመንድ ልጅ ጆሴፍ በበርክሃምስቴድ የተጠመቀው በማርች 1637 ነው ይላል መዝገቡ፤ በዛሬው አጻጻፍ 1638 ነው። ይህች የአንድ ዓመት ልዩነት ትልቅ ነገር ትወስናለች፤ ቤተሰቡ በ1638 መግቢያ ላይ ገና እንግሊዝ ነበር ማለት ነው። በ1637 ተሻገሩ የሚል ዛፍ ካያችሁ ጸሐፊው መዝገቡን እንዳለ ገልብጧል። በተጨማሪ ፒዩሪታኖቹ የወሮችን ስም የአረማውያን አማልክት መታሰቢያ ነው ብለው ስለሚሸሹት በቁጥር ይጽፋሉ፤ «ሦስተኛው ወር» የሚለው ማርች ሳይሆን ሜይ ነው፤ አንደኛው ማርች ስለሆነ። ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፣ 1637/8 እያላችሁ።

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምወደው ደግሞ ኮምፒውተርም አይደለም። የዘመኑን የጸሐፊዎች እጅ ጽሑፍ ለማንበብ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን የፊደል ገበታ በወረቀት ላይ እሠራለሁ። በዚያ አጻጻፍ ሲ የምትባለው ፊደል የዛሬዋን አር ትመስላለች፤ ኢ ወደ ኋላ የዞረች ናት፤ ረጅሟ ኤስ ኤፍን ትመስላለች። ራይስ የሚለው አጭር ስም ራሱ ሌላ ስም ሆኖ ይነበባል፤ ማውጫ ያዘጋጁ ሰዎችም እንደዚያ አሳስተው ስላስገቡት በፍለጋ አይወጣም። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ የዘመኑ ኑዛዜዎች አብዛኞቹ «በእግዚአብሔር ስም፣ አሜን» ብለው ይጀምራሉ። ምን እንደተጻፈ አስቀድሜ ስለማውቅ ከዚያች መስመር የጸሐፊውን ፊደሎች አንድ በአንድ ለቅሜ በገበታው ላይ አሰፍራቸዋለሁ፤ «እናዘዛለሁ» ከሚለው ቃልና ከመንደሩ ስም ሌሎቹን እጨምራለሁ። ገጹ ሲያልቅ ገበታው ሙሉ ነው፤ ያው ጸሐፊ የጻፈውን ሌላ ኑዛዜ ሁሉ አነባለሁ። ጽሑፉን በራሱ ያነብልኛል የሚል ፕሮግራም ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ እኔ ግን የሰው ስም ላይ በዓይኔ ካላየሁ አልቀበልም።

ስለ ዘረመል ምርመራ ብዙ ስለምትጠይቁኝ፦ ጥቅሙን አውቃለሁ፣ ልቤ ግን አልገባበትም። ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚወርድ የኤድመንድ ዘሮች ማኅበር ከተለያዩ ወንዶች ልጆቹ የወረዱ ሰዎችን አስመርምሮ የሰውየውን የዘረመል ምልክት መልሶ ማቀናበር ችሏል። የሚመደበው አይ ዋን በሚባለውና በሰሜን አውሮፓ በሚበዛው ወገን ነው። የኤድመንድ ዘር ነን ለሚሉ ራይሶች ይህ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል። የአባቱን ስም ግን አይነግረንም። የባለቤቴ ሐረግ ሁለት ቦታ ላይ በሴት ልጅ ስለሚያልፍም ይህ ምርመራ ለእኛ ቤት አይሠራም፤ ከእናትም ከአባትም የሚወረሰውን የሚያየው ተራው ምርመራ ደግሞ በዚህ ርቀት ላይ ካለ አያት አንዲት ቁራጭ እንኳ ላያሳይ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ፍለጋ ከልቤ ያልወጣው ሌላ ቅርንጫፍ ነው፤ ባለቤቴ ከእርሱ ባትወርድም። በኦገስት 1704፣ ዛሬ ዌስትቦሮ በምትባለው ቦታ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ሞሃውኮች በእርሻ ላይ የነበሩ የራይስ ልጆችን ማረኩ፤ አንዱ ሕፃን ተገደለ፣ አራቱ ተወሰዱ። አንዱ ከጊዜ በኋላ ተመለሰ፤ ሌላው እዚያው ካናዳ ቀረ። ሳይላስና ቲሞቲ የተባሉት ወንድማማቾች ግን በሞንትሪያል አጠገብ ባለችው በካናዋኬ አድገው፣ ካቶሊክ ሆነው፣ እዚያው አግብተው ቀሩ፤ ቲሞቲ የሞሃውኮች አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። የራይስ ስም ዛሬም በካናዋኬ አለ። ለመሳፍንት የሚቸኩሉ ሰዎች ዛፎች ላይ እነዚህ ሁለት ልጆች «1704» ተብለው እንደ ሞቱ ሰዎች ተቆርጠዋል። ይህ ከሐሰተኛው አባት ይልቅ ያስቆጣኛል። ባዶውን ቦታ በፈጠራ እየሞሉ እውነተኛውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ምን ይባላል?

ለጀማሪ የምመክረው ጥቂት ነገር አለ። ሁለት ሰድበሪዎች አሉ፤ አንደኛዋ ሳፎክ፣ ሌላዋ ማሳቹሴትስ ናት። የሳፎኳን ስታንስቴድም የአውሮፕላን ማረፊያ ካለባት ከኤሴክሷ ስታንስቴድ ጋር አታምታቱ። የመጀመሪያዋ የማሳቹሴትስ ሰድበሪ መንደር ዛሬ ዌይላንድ ትባላለች፤ ኤድመንድ የተቀበረው እዚያ ነው፣ መቃብሩን ፍለጋ ሰድበሪ አትሂዱ። ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው አያስደንግጣችሁ፤ ኤድመንድም ሳይናዘዝ ሞቶ ሚስቱና ልጆቹ ለሚድልሴክስ ፍርድ ቤት ባቀረቡት ማመልከቻ ነው ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚታየው።

ላቲን አልችልም፤ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶቹ መዝገብ ላይ የኑዛዜው ማጽደቂያ በላቲን ስለሆነ እሱን እዘላለሁ። አሁን የያዝኩት በሳፎክ የሰድበሪ ሊቀ ዲያቆናት ችሎት የጸደቁ ኑዛዜዎችን ነው፤ ራይስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ፍሮስትን፣ ዌልንና በስታንስቴድ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ይኖሩ የነበሩትን ሁሉ። «ለወንድሜ ለሄንሪና ለኤድመንድ» የሚል አንድ መስመር ነው የምፈልገው። ከእናንተ መካከል ላቲን የተማረ፣ በተለይ የሕግ ላቲን የሚያነብ ሰው ካለ ጥቂት ገጾች ልላክለትና እስቲ አብረን እንያቸው።