«የሚመለከተው አካል» ማነው?

ማስተርሴን ስጨርስ ቴሲሴ (የመመረቂያ ጥናቴ) መጨረሻ ላይ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብዬ ነው የፃፍኩት። ፐብሊክ ሄልዝ የተማረ ሰው ሁሉ ይቺን አረፍተ ነገር ያውቃታል። አንዱን ኮፒ ዳታ የሰበሰብኩበት ጤና ጣቢያ ወስጄ ሰጠሁ፣ ከሁለት አመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ መደርደሪያው ላይ ከድሮ መዝገቦች ስር አየሁት፣ ጀርባው እንኳን አልታጠፈም፣ ማንም አልገለጠውም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ግን ቆይቼ ሳስበው ለማን ነበር የፃፍኩት? የሚመለከተው አካል የሚባል ሰው በር ላይ ስሙ ተለጥፎ የተቀመጠበት ቢሮ የለም።

ጥናቴ ፎሊክ አሲድ ስለሚባለው ቫይታሚን ነበር። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሰራበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን አካባቢ ነው፣ ብዙዋ ሴት እርጉዝ መሆኗንም ሳታውቅ ማለት ነው። ያኔ ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ተከፍቶ ይወለዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭንቅላቱ ውሃ ይቋጥራል። ፎሊክ አሲድ ይሄን እንደሚከላከል ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ እ.ኤ.አ በ1991 የወጣው ትልቁ የእንግሊዞች ጥናት ቀድሞ እንዲህ አይነት ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኛ ጋ ግን እናቶችን የእርግዝና ክትትል መቼ ጀመራችሁ ስላቸው «አራተኛ ወሬ ላይ»፣ «አምስተኛው ሲገባ» ነው የሚሉኝ፣ ፎሊክ አሲድ ያለበት የአይረን ክኒን የሚሰጣቸውም ያኔ ነው። ለደም ማነሱ ይጠቅማል፣ ለቱቦው ግን አልፏል። አንዷ እናት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ይዛ «ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር እውጠው ነበር እኮ» ያለችኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እና ጥናት ሰርቶ ከመደርደሪያ ማውረድ ራሱ እውቀት እንደሚፈልግ የገባኝ የፖሊሲ አወጣጥ ሞዴሎችን ማንበብ ስጀምር ነው። ጆን ኪንግደን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ በ1984 ያለው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፣ ችግሩ፣ መፍትሄውና ፖለቲካው እንደ ሶስት ጅረት ለየብቻቸው ይፈሳሉ፣ ሶስቱ የሚገናኙበት አጭር ጊዜ ሲመጣ መስኮት ይከፈታል፣ ያኔ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀ ሰው ሀሳቡን ያስገባል፣ ያልጠበቀ ያልፈዋል።

የጨውን ነገር ተመልከቱ። እንቅርት ከአዮዲን እጥረት እንደሚመጣ፣ መፍትሄውም አዮዲን ያለበት ጨው እንደሆነ ስንት ዘመን ሲታወቅ ኖረ፣ ግን የምንበላው ከአፋር የሚመጣው ጨው አዮዲን አልነበረውም። እ.ኤ.አ በ2011 ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዛው አመት የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ 15 በመቶ ነበር፣ እ.ኤ.አ በ2016 ግን 89 በመቶ ሆነ። እውቀቱ ያው የድሮው ነው፣ የተቀየረው ሌላው ነገር ነው፣ መስኮቱ ተከፈተ።

ዱቄት ላይስ? እ.ኤ.አ በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ ጭምር እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል፣ ደስ ይላል። ግን እኔ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፣ ሰዉ ስንዴውንም ጤፉንም በማዳበሪያ ተሸክሞ እዛ ነው የሚያስፈጨው። ወፍጮ ቤት ያሉትን ሰውዬ «ጋሼ፣ ዱቄት ላይ ቫይታሚን ይጨመራል ሲባል ሰምተዋል?» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ያለውን ዱቄት በእጃቸው ጠረግ አድርገው «የኔ ልጅ፣ እኔ ያመጡልኝን ነው የምፈጭ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ደረጃው የሚይዘው ፋብሪካውን ነው፣ እሳቸው ጋ አይደርስም፣ ለዛ ነው አዮዲን ያለው ጨው ላይ ፎሊክ አሲድም ይጨመር የሚለው ሀሳብ እኔን የሚያሳምነኝ፣ ጨው ከሁሉም ቤት ይገባልና።

እሱ ግን የላይኛው መስኮት ነው፣ እኔ እዛ አልደርስም። የጤና ፖሊሲ ተመራማሪዎቹ ጊል ዎልትና ሉሲ ጊልሰን እ.ኤ.አ በ1994 ፖሊሲን ለመተንተን ያወጡት ሶስት ማእዘን ላይ ይዘቱ፣ አውዱና ሂደቱ በማእዘኖቹ፣ ተዋናዮቹ ደግሞ መሃል ላይ ናቸው። እኔ ቴሲሴን የፃፍኩት ይዘቱን ብቻ ይዤ ነው። በወረቀት ላይ ሶስት ማእዘኑን ስዬ መሃሉ ላይ ሰው መፃፍ ስጀምር ያገኘኋት የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሏን ነርስ ነው! ልጅ ለመውለድ ብላ ክንዷ ላይ የተቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ልታስወጣ የምትመጣ ሴት አለች አይደል? እሷ ለማርገዝ መወሰኗን ለጤና ጣቢያው በራሷ አፍ እየነገረች ነው፣ እኛ ደግሞ አስወጥተን በባዶ እጇ እንሸኛታለን። የአለም ጤና ድርጅት ሴት ለማርገዝ መሞከር ከጀመረችበት ቀን እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ ይላል፣ የሚሰጣት ሰው እዛው ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

ሌላው ስህተቴ ጊዜው ነው። ኮፒውን የሰጠሁት ነሐሴ ላይ ነው፣ በጀቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ እቅዱ ሁሉ ካለቀ በኋላ። ዘንድሮ 90 ገፁን ወደ አንድ ገፅ አውርጄዋለሁ፣ ክኒኑ ስንት እንደሚያስፈልግና ማን እንደሚሰጠው ብቻ ነው ያለበት፣ የወረዳው እቅድ ሳይዘጋ መጋቢት ላይ ይዤ እሄዳለሁ፣ ነርሷም አብራኝ ልትመጣ ተስማምታለች።