ዝንቦቹን አጥፋልኝ

«ማማ፣ አንበሳው በጣም ያምራል። የየትኛው ዙ ነው?»

ይህቺን መልእክት በዋትስአፕ የላከው ማሳይ ማራ፣ ኬንያ ባለው የዱር አራዊት ፓርክ፣ መኪናችንን ይነዳ የነበረው ሰውዬ ነው። የላከው ለእቴቴ ነው። እቴቴ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ስቦርሽም፣ ታክሲ ስጠብቅም፣ ሙሽሮች ሳሰልፍም ጆሮዬ ላይ የምትጮኸው ያቺው መልእክት ናት። የየትኛው ዙ ነው? ሰውዬው እኮ አብሮን ነበር! አንበሳው የተጋደመው በራሱ መኪና ጥላ ስር ነው!

እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። እቴቴ የአባቴ እህት ናት፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ዘንድሮ ስትመጣ «ኬንያ ሄደን አንበሳ እናያለን፤ አንተ ካሜራህን ያዝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ዘመድ ካለ አሳዩኝ። ችግሩ ሌንስ ነው። የሰርግ ሌንስ የሚሰራው ተነሺው ቀረብ ብሎ ፈገግ ሲል ነው፤ አንበሳ ደግሞ ፈገግ በል አይባልም። ስለዚህ ሩቁን የሚያቀርብ 150-600 ሚሊሜትር ሌንስ ተከራየሁ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ እናቴ ይህን ልታነበው ትችላለች። ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ናይሮቢ ስንደርስ አንገቴ ወደ አንድ ጎን ቀርቶ ነበር።

ማራ ላይ ሾፌሮቹ በሬዲዮ ይጠራራሉ። «ዱማ! ዱማ!» ሲባል አቦ ሸማኔ ተገኝቷል ማለት ነው። ሄድን። ኩይሳ ላይ ወጥቶ ሜዳውን ይቃኛል፣ ልክ ፎቶ ሊነሳ የተዘጋጀ ይመስላል። ግን ቀትር ነው። በ600 ሚሊሜትር ሲታይ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ እንስሳው ጠርዝ የለውም፣ ይቀልጣል። ያን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። በዚያ ላይ ካሜራዬ ከፊት ለፊት ያለውን ሳር ወደደው። በሰከንድ 20 ፎቶ እያነሳ፣ ሃያውንም ሳሩ ላይ ፎከስ አደረገ። የማራን ሳር እንደ እኔ አጥርቶ ያነሳ ሰው የለም። ነብርም አይተናል። ዛፍ ላይ ነበር። ጭራውን አንስቼዋለሁ።

አንበሳው የመጣው በማግስቱ ነው። ከሩቅ ሳየው ልቤ ዘለለ። ሁለት ኪሎዬን አነሳሁ፣ የካሜራውን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ላይ አደረግኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። እሱ ግን መራመዱን አላቆመም። መጣ። መጣ። መጣና ቀጥታ መኪናችን ስር፣ በእኔ በር በኩል፣ ጥላው ላይ ዘፍ አለ። ሾፌሩ በሹክሹክታ «ከጥላው እንጂ ከእናንተ ጉዳይ የለውም» አለን።

የተከራየሁት ሌንስ ከ2.8 ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም።

አንበሳው ከዚያ በታች ነበር። በጣም በታች። ሌንሱ ዝዝ... ዝዝ... እያለ ወደፊትም ወደኋላም ፈለገ፣ አጣ። በቪውፋይንደሩ የሚታየኝ ቡናማ ጭጋግ ብቻ ነው። በሰርጉ ሌንስ እንዳልቀይረው ሻንጣዬ ከኋላ መቀመጫው ስር ገብቷል፤ ለማውጣት ደግሞ መንጎዳጎድ ሊኖር ነው፣ በሩ ስር ያለው ጌታ ደግሞ መንጎዳጎድ የሚወድ አይመስልም። በዚህ መሃል እቴቴ ቀኝ እጇ ቆሎ እንደያዘ፣ በግራ እጇ ስልኳን በመስኮቱ አሳልፋ ቀጭ አደረገች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ ቆሎዋ ተመለሰች።

ፎቶውን ብታዩት! ማር የመሰለ ዓይኑን አንስቶ ቀጥታ እሷን ያያል። ሰርግ ላይ አንድ ሙሽራ እንደዚያ እንዲያየኝ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ትዕዛዝ መጣ። አባባ ጡረታ ወጥቷል፤ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎን፣ ከወንበሩ በላይ ይሰቀላል። «አንተ ማሙሽ፣ እስቲ ትንሽ ነካ ነካ አድርገው።» በዚህ ሙያ ላይ ያለ ሰው «ነካ ነካ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ነካ ነካ ማለት ሌሊት ነው። ነካ ነካ ማለት በነፃ ነው።

ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። እዚህ ጋ ትንሽ ልተንፍስ። ወገኖቼ፣ ፎቶ እንዲሰራላችሁ ስትፈልጉ እንደ ፋይል ላኩ! ፋይል የሚል ነገር አለ፣ እዚያው ክሊፑ ምልክት ስር ነው። የደረሰኝ አንበሳ ወርዱ 1280 ፒክስል ነው። ይህን ይዤ አንድ ሜትር ሸራ ልሙላ? ሙሽሮችም እንዲሁ ናቸው፤ የሟች አያታቸውን ፎቶ ከፌስቡክ በስክሪንሾት ቆርጠው፣ የባትሪው ምልክት ጭምር ታይቶ፣ «ከእኛ ጎን አቁምልን» ይላሉ። ዋናውን ፋይል ላኪልኝ ስላት እቴቴ «ስልኬ ሞልቶ አጠፋሁት፣ ያው ቴሌግራም ላይ አለልህ አይደል» አለች።

ቀለሙን አስተካክዬ፣ ጥላውን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው ፊቱ ላይ?»

«ዝንብ ነው።»

«አጥፋው።»

«እቴቴ፣ የዱር አንበሳ ነው እኮ። ዝንብ ይኖረዋል።»

«አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ሲባል አልሰማህም? አባትህ ጡረታ በወጣ ማግስት ከራሱ በላይ ዝንብ የወረረው አንበሳ ልስቀልበት? እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል?»

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። ዝንብ ጎረምሳውንም አይምርም ብዬ ሞክሬያለሁ። በ1962 እ.ኤ.አ. ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ባለው ንጎሮንጎሮ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተነሳ ተናካሽ ዝንብ አብዛኛውን አንበሳ እንደፈጀ ነገርኳት። «እንግዲያ ይባስ አጥፋው» አለች።

ዝንቦቹ ደግሞ የአንድ መካከለኛ ሰርግ ዕድምተኛ ያህላሉ። ዓይኑ ጥግ ላይ የተኮለኮሉ አሉ። አፍንጫው ጫፍ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች አለች፤ እሷን ስሰርዝ ትንሽ አዘንኩ። አንዷ ክንፏን ዘርግታ ልትነሳ ስትል ነው የተያዘችው። አንዷ ሌላዋ ላይ ወጥታ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ አሰናበትኳቸው። በጣም የከፉት ግን ከንፈሩ በላይ፣ ጢሙ የበቀለበት ላይ ያሉት ናቸው። በ1280 ፒክስል ላይ የትኛው ዝንብ እንደሆነ፣ የትኛው የቆዳው ነጥብ እንደሆነ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌሊቱ ተጋምሷል። ሁሉንም ጠረግኩ።

ሲነጋ ደግሞ ሌላ መጣ። አፍንጫው ላይ ያለው ጠባሳ «ዱርዬ አስመሰለው»፤ ጠፋ። ጆሮው የተሸረከተ ነው፤ ተሰፋ። ቀጥሎ ጎፈሩ።

«ፈዘዘብኝ። የእኛ አንበሳ ጎፈሩ ጥቁር ነው።»

«ይሄ የኬንያ ነው እቴቴ።»

«የሚሰቀለው የት ነው?»

አጠቆርኩት።

ታተመ፣ ተሰቀለ፣ ተመረቀ። አባባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እቴቴ ደግሞ ደስታዋን ለማካፈል ፎቶውን ለሾፌራችን ላከችለት፤ ቀሪውን ታውቃላችሁ። ሁሉም ሳቀ። የአጎቴ ልጅ «ስድስት ኪሎ ነው በይው» አለ። ቡናው ሁለተኛው ላይ እንኳ አልደረሰም ነበር።

አልቻልኩም፣ ማታውን ፈለግሁ። ለካ አንበሶችን የሚለዩዋቸው በጢማቸው ሥር ባሉት ጥቁር ነጥቦች ነው። የላይኛው ረድፍ አቀማመጥ ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል፣ ዕድሜ ልኩንም አይለወጥም። በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የተመሠረተ ዘዴ ነው። ነጥቡ በደንብ ካልታየ የተሸረከተ ጆሮና የፊት ጠባሳ ያግዛል። እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ነጥቡ የለም። ጠባሳው የለም። ጆሮው ተሰፍቷል። ጎፈሩ ቀለም ተነክሯል። መታወቂያ የሌለው ሰው ሲም ካርድ በማያወጣበት ዘመን ሙሉ አንበሳ ያለ መታወቂያ ሳሎናችን ተቀምጧል። ሾፌራችን የማራን አንበሶች በፊታቸው የሚለይ ሰው ነው፤ ዙ ያለው ጨዋ ስለሆነ ነው። ፋይሉ ተልኮልኝ ቢሆን ኖሮ ዝንቡን ከነጥቡ እለይ ነበር፤ ይህን ግን የሚሰማኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለመጥራት መጡ። ሙሽሪት ሻይዋን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ፈዛ ቀረች። «ይሄን ያነሳው ማነው?» አለች። አባባ ፊቱ በርቶ «እህቴ ናት» አላት። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ካሜራዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ልጅቷ ወደ እጮኛዋ ዞር ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው፣ ከዚያ የእቴቴን ስልክ ጠየቀች። አባባ ሳያቅማማ የሲልቨር ስፕሪንጉን ቁጥር ሰጣት።

ቀብድ ተቀብላለች አሉ።