የማኅበራችን ብርና የጡት ምርመራው

በሠራተኛ ማኅበራችን የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ብቻዬን ተቃውሜ "ጨካኝ" ተባልኩ። የቀረበው ሐሳብ፣ ከማኅበሩ ተቀማጭ ወጪ ተደርጎ ሁሉም ሴት ሠራተኛ በጥቅምት ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ትነሳ የሚል ነበር። ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ሰው ስስታም ቢለኝ አይደንቀኝም፤ የተቃወምኩት ግን ለብሩ ሳስቼ አይደለም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ነው የምሠራው። ስፌት ክፍላችን የገባ ሰው እንደሚያየው አብዛኞቹ ከወረባቦና ከቃሉ የመጡ የሃያ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራፊ ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እብጠቱም ነጭ ስለሆነ አይለይም። ማሞግራፊ በደንብ የሚያገለግለው ዕድሜያቸው ገፋ ላሉት፣ በተለይ ከ50 በላይ ለሆኑት ነው፤ እኛ ጋ እነዚያ ካፌና ጽዳት ላይ የሚሠሩት እናቶች ናቸው።

የጡት ካንሰር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያየሁት ከአክስቴ ፌስታል ነው። ቤቷ ደሴ፣ ሸዋበር ነበር። ጡቷ ላይ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ወጣባት፤ "ካላመመኝ ምን አገባኝ" ብላ ተወችው። ሐኪም ቤት የሄደችው ቆዳው ሲጨማደድና ብብቷ ሲያብጥ ነው። አላህ ይማራትና ካረፈች በኋላ ልጇ ከማን ስንት እንደተበደረ እንድለይለት ደረሰኞቹን በፌስታል አመጣልኝ። ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ከመርኳቸው፤ የአውቶቡስ ትኬት፣ የአልጋ፣ የመድኃኒት፣ የሆስፒታል። የሆስፒታሉ ክምር ከሁሉም ቀጭን ነበር። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ እዚያ አልጋ ተከራይቶ፣ ተራ መጠበቅ ነው። ልጇ ባጃጁን ሸጧል። ታናሿ ልጇ ከ12ኛ ክፍል አቋርጣ አስታማሚ ሆነች። ለዚህ ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም።

አክስቴ ብቻዋን አይደለችም። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ግምገማ፣ 77 በመቶዎቹ ሴቶች በሽታው የታወቀላቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ እንደሆነ አሳይቷል። ገንዘቡን የሚበላው ይህ መዘግየት ነው።

ስብሰባው ላይ አንዱ፣ "እሺ ማሞግራፊው ይቅር፤ ራሳቸውን እንዲመረምሩ እናሠልጥናቸው፤ ነጻ ነው" አለ። ይህ የእኛው ሙያ ባልደረቦች ላይ ተሞክሯል። ሻንጋይ ውስጥ በ519 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266,064 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የራስ ምርመራ በደንብ ተማሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በጡት ካንሰር የሞቱት ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት 131 ሆኑ። የተማሩት ያተረፉት ካንሰር ላልሆነ እብጠት ናሙና መወሰድን ነው። ነጻ ያልነው ነገር ወጪ ነበረው ማለት ነው። ይህ ግን ሴት በጡቷ ላይ ለውጥ ስታይ ዝም ትበል ማለት አይደለም፤ ያየች ዕለት የምትሄድበት ካላት ነው ማወቋ የሚጠቅማት።

እኔን ያሳመነኝ የሙምባዩ፣ ህንድ ውስጥ የተሠራው ነው። እዚያ 151,538 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው ጡት መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ሞቱ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። ቀደም ብሎም ለህንድ የተሠራ ስሌት፣ ከ40 እስከ 60 ዓመት ላሉት በየዓመቱ የሚደረግ የእጅ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ከሚነሳ ማሞግራፊ ጋር ሊቀራረብ እንደሚችልና ወጪው ግማሹ ብቻ እንደሆነ አመልክቶ ነበር።

የክሊኒካችን ነርስ ይህን ትችላለች። ሳሚያችን፣ የካፌዋ ወጥ ሠሪ፣ ስትመረመር አብሬያት ገብቼ አይቻለሁ። ነርሷ የምትጠቀመው የሦስት ጣቶቿን ሆድ ነው፤ ጫፋቸውን አይደለም። ትንንሽ ክብ እየሠራች መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ጫን፣ ከዚያ ጎድን አጥንቱ እስኪሰማት ድረስ ትሄዳለች። ብብትና ከአንገት ሥር ሳትነካ አትለቅም። ሳሚያ "ኧረ እንደ ሊጥ አቦካሽኝ!" ብላ አሣቀችን።

እጢ ከተገኘስ? ዋናው ብር መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ይጠናቀቅ፣ ከመቶ 80ዎቹም ሕክምናቸውን ይጨርሱ ይላል። እጢ አግኝቶ "ደሴ ሂጂ" ብሎ መልቀቅ ስጋት ሰጥቶ መሸኘት ነው። ስለዚህ ተቀማጩ ለመሳፈሪያ፣ በመርፌ ለሚቀዳው ናሙናና ለላቦራቶሪው ክፍያ ይሁን አልኩ።

የልጆቹ ችግር ግን ሌላ ነው፤ አቴንዳንስ ነው። አንድ ቀን የቀረች የወሩን ጉርሻ ታጣለች። ስለዚህ ጡቷ ላይ የሆነ ነገር የዳሰሰች ልጅ ወሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። የሚቀጥለውም ወር አቴንዳንስ አለው። ለምርመራ የሄደች ጉርሻዋ እንዳይቆረጥ ማኔጅመንቱን ጠየቅን፤ "ከፈቀድን ሁሉም ጡቴን ብላ ትቀራለች" አሉ። ነርሷ ፈርማ የላከቻት ብቻ ትሂድ፣ ወረቀቱም በእኔ በኩል ይለፍ ብዬ በደብዳቤ አስገብቻለሁ። የዚያን ጉርሻ ወጪ በዓመት አስልቼ አያይዤዋለሁ፤ ለእንግዳ መስተንግዶ ከሚወጣው ያንሳል። ይህንንም ጽፌዋለሁ። ሊቀመንበሩ ያቺን መስመር አውጪያት እያለኝ ነው፤ አላወጣኋትም።