ባለቤቴን ይዤ አራት ኪሎና ፒያሳ

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሞላን። ልጆቹ ድግስ ካልደገስን ብለው ነበር። እሷ ግን "ድንኳኑ ይቅርብኝ። አዲስ አበባ ውሰደኝና በዓታን ልሳለም" አለችኝ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እሷን ለማመስገን ነው።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ ተነሥተን ላምበረት ወረድን፤ ከዚያ በመገናኛ በኩል አራት ኪሎ ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ እሷ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነው የመጣችው።

ታዕካ ነገሥት በዓታን ያሠሩት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። ተሳልመን ደረጃውን ወርደን ምድር ቤቱ ገባን። ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ እዚያ አርፈዋል። ይቀዘቅዛል፤ የዕጣን ሽታም አለው።

ያስጎበኙን አባት ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ተጋቡ። ይህችን ከተማ አዲስ አበባ ያሏት እቴጌዪቱ ናቸው። በኋላ ንጉሡ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አስታመሟቸው።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር አለች። "ማስታመሙን እንደ ቅጣት ነው እንዴ ያዩት?"

ከልቧ ነው የጠየቀችው። እኔ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ በተኛሁ ጊዜ፣ ቀን ታስተምራለች፣ ማታ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች። ከአልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ተንተርሳ ታድራለች። ሌሊት ጎኔን ላዞር ስል ገና ሳልጠራት ትነሣለች። ሲነጋ ልብሷን አራግፋ ክፍል ትገባለች። አንድ ቀን ደከመኝ ስትል አልሰማሁም። ሰው ጣይቱን የሚያነሣቸው በአድዋ ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ከዚያ ምድር ቤት ስወጣ በሐሳቤ የነበሩት በአልጋ ዳር ያሳለፏቸው ዓመታት ናቸው። ለኔ ያም ጀግንነት ነው።

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅርብ ስለሆነ በእግራችን ሄድን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን በ1903 ዓ.ም. ተጋብተው፣ እቴጌዪቱ በ1954 ዓ.ም. እስኪያርፉ ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በ1993 ዓ.ም. እዚህ ሲያርፍ፣ የእቴጌዪቱም አስከሬን ከካቴድራሉ ምድር ቤት ወጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እጄን ያዝ አደረገችው። እኛ ሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን አናውቅም፤ አስተዳደጋችንም አይደለም። ያን ቀን ግን እስከ ፒያሳ ተያይዘን ሄድን።

ፒያሳ ብዙው ፈርሶ ተለውጧል። ድሮ የምናውቃቸውን ሱቆች ፈልገን አጣናቸው። ቢሆንም አንድ ወርቅ ቤት ገባን። ቀለበቷ ከጠበባት ቆይቷል። ልጁ ጣቷን ሳሙና ቀብቶ፣ እያሽከረከረ አወጣላት። ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ። ቀለበቱን ቆርጦ፣ ትንሽ ወርቅ ጨምሮ በየደው። ከዚያ ሾጣጣ ብረት ላይ አስገብቶ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ መታው። ሲጨርስ ውስጡን በአጉሊ መነጽር አየና "እናቴ፣ ስሙ ተፍቋል። ልጻፈው?" አላት።

"ጻፈው" አለችው። "ከነአባቱ አድርገህ ጻፈው።"

ፊደሉ ስለበዛ አሳንሶ ጻፈው። እሷ ዋጋው ላይ ስትከራከር እኔ ከፈልኩ። ከዚያ ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ ጠጣንና መኪና ሳያመልጠን ወደ ላምበረት ተጣደፍን።