ለአላስካ ጫካ የመረጥኩት ሽጉጥ

ከሆፕ ተነስቶ ኩፐር ላንዲንግ የሚያደርሰው የሪዘረክሽን ፓስ የእግር መንገድ 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አላስካ ውስጥ፣ ኪናይ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ በቹጋች ብሔራዊ ደን መሃል ያልፋል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለው፣ ገላጣ ተራራ አለው፣ ሐይቆች አሉት። ድብም አለው፤ ጥቁሩም ቡናማውም። ከጓደኛዬ ጋር የሄድነው ኦገስት ላይ ነው። ያኔ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፣ ብሉቤሪ የሚባለው የጫካ ፍሬ ተራራው ላይ ይበስላል፣ ድቦቹም ለክረምቱ ስብ ለማጠራቀም ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ይውላሉ።

ብዙ ሰው ይህን መንገድ ያለ ሽጉጥ ሄዶ በሰላም ይመለሳል። እኔ ግን መያዝ ፈለግኩ። ስልክ በማይሠራበት፣ እርዳታ ከብዙ ሰዓት በኋላ በሚደርስበት ቦታ፣ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል የምጠቀምበት ነገር አብሮኝ ቢኖር እመርጣለሁ። ጥያቄው የትኛውን የሚለው ነበር።

አንኮሬጅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው የቤተሰብ ወዳጅ አሉ። አደን ያውቃሉ። ደውዬ «ጋሼ፣ ትልቁን ልግዛ እንዴ?» አልኳቸው።

«ትልቅ ትንሹን ተወውና መጀመሪያ ተኩሰህ ሞክር» አሉኝ። «ድብ እኮ ድምፅ ሰምቶ አይወድቅም። መምታት አለብህ።»

ምክራቸውን ይዤ ሽጉጥ እያከራየ ወደሚያለማምድ የተኩስ ቦታ ሄድኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 629 የሚባለውን ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ፣ ነው። 44 ማግነም ነው፤ ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያለ፣ ስለ ድብ ሲወራ ሁሌ ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ነው። ስድስት ጥይት ይጎርሳል። ባዶውን እንኳ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። የመጀመሪያውን ጥይት ተረጋግቼ ስተኩስ ዒላማው መሃል ገባ። ግን ሽጉጡ እንደ በቅሎ ይራገጣል። አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ እጀታው መዳፍ ውስጥ ይዞራል። እንደገና ጨብጬ፣ አፈሙዙን አውርጄ፣ ሁለተኛውን እስክተኩስ ድረስ የሚባክነው ጊዜ አሳሰበኝ። እዚያው ተመሳሳይ ጥይት የሚተኩስ፣ ክብደቱ ግን 700 ግራም ገደማ ብቻ የሆነ ቀላል ሪቮልቨርም ነበር። ለመሸከም ግሩም ነው። ሲተኮስ ግን አንጓን ያማል። ሰው የሚያመውን ነገር ደጋግሞ አይለማመድም፤ ያልተለማመደውን ደግሞ በጭንቅ ሰዓት አይችለውም።

ቀጥሎ አነስ ያለ ጥይት የሚተኩስ የ357 ማግነም ሪቮልቨር ሞከርኩ። ለእጅ ይቀላል፣ ለጥቁር ድብ ጥሩ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ለቡናማው ግን ከዚያ ከፍ ያለ ነገር ፈለግኩ።

ከዚያ ግሎክ 20 የሚባለው ባለ ካዝና ሽጉጥ መጣ። ጥይቱ 10 ሚሊሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ የዋለ ነው። አቅሙ ከ44 ማግነም ያንሳል። ካዝናው ግን 15 ጥይት ይይዛል፣ ርግጫው ደግሞ የሚቻል ነው። ግሪንላንድ ውስጥ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች የሚዘዋወረው የዴንማርክ ጦር የሲሪየስ ቡድን ነጭ ድብ ቢመጣበት ብሎ ይህንኑ ሽጉጥ ሲይዝ ኖሯል። እነሱ ጠመንጃም አላቸው፤ ሽጉጡ ሁለተኛው ነው። ቢሆንም ከብርድና ከድብ ጋር የሚኖር ሰው የመረጠው ነገር ለእኔ ሚዛን ደፋ።

ልዩነቱ የታየኝ ጊዜ እየለካን ስንሞክር ነው። ቡናማ ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ ይችላል። ይህ በሴኮንድ 15 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሠላሳ ሜትር ላይ ካየኸው ሁለት ሴኮንድ ያህል አለህ ማለት ነው። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አውጥተህ፣ አነጣጥረህ፣ ቃታ መሳብ አለብህ። በ10 ሚሊሜትሩ ተከታታይ ጥይቶቼ አንድ ሳህን የምታክል ቦታ ላይ አረፉ። በ44ቱ አንዱ መሃል፣ ሌላው ዳር፣ ሌላው ከወረቀቱ ውጪ። ለኔ እጅ መልሱ እዚያ ጋ አለቀ።

ሪቮልቨርን ግን ማጣጣል አልፈልግም። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ድቡ ላይህ ላይ ወጥቶ አፈሙዙን ፀጉሩ ውስጥ ሰክተህ ብትተኩስ፣ ሪቮልቨር አሁንም ይተኩሳል። ባለ ካዝናው ሽጉጥ ግን አፈሙዙ ሰውነት ላይ በኃይል ሲጫን የላይኛው ክፍል ትንሽ ወደ ኋላ ሊሸሽና ቃታው ቢሳብም ላይተኩስ ይችላል። ጨብጦ በደንብ የማይዝ እጅም ያደናቅፈዋል። ለመለማመድ ጊዜ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ 357 ሪቮልቨር ያዝ ብዬ እመክረዋለሁ።

ጥይቱ ራሱ ከሽጉጡ እኩል ይታሰብበት። ለሰው መከላከያ የሚሸጠው ጫፉ ክፍት የሆነ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይከፈትና ቶሎ ይቆማል። ድብ ወፍራም ስብ፣ ጠንካራ ጡንቻና ከባድ አጥንት አለው። ስለዚህ የሚፈለገው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከጠንካራ እርሳስ የተሠራ፣ ሳይከፈት ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አላስካ ውስጥ አንድ የአደን መሪ ደንበኞቹ ላይ የመጣ ቡናማ ድብ በ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ገድሏል። የተጠቀመው እንዲህ ዓይነቱን ጠንካራ ጥይት ነበር። 9 ሚሊሜትር ይበቃል ማለቴ አይደለም። እሱ የዕድሜ ልክ ልምድ ያለው ሰው ነው።

ሕጉን ባጭሩ ልንገራችሁ። አላስካ ውስጥ መሳሪያ መያዝ በሕግ የማይከለከል፣ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እንዲህ ነው። በአውሮፕላን ስትሄዱ ሽጉጡ ጥይት ሳይኖረው፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሄዳል። በመኪና ካናዳን አቋርጦ መሄድ ያምራል፤ ካናዳ ግን በሽጉጥ ላይ በጣም ጥብቅ ናት፣ ኦክቶበር 2022 ላይም ሽያጩንና ዝውውሩን አግዳለች። እኛ በረርን።

አንኮሬጅ እንደደረስን ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ሽጉጡን አልነበረም። «የት ነው የምታስረው?» አሉኝ። ወገቤን አሳየኋቸው። ቦርሳዬን አስለበሱኝና የወገቡን ቀበቶ አጥብቀው አሰሩት። «በል አውጣው» አሉ። እጄ ቀበቶው ላይ ተያዘ። የዝናብ ጃኬት ሲደረብበትማ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ ከቤታቸው ደረት ላይ የሚታሰር የሽጉጥ ማህደር አምጥተው አስተካከሉልኝ። ከቦርሳው ማንገቻዎች መሃል፣ ከጡት በታች፣ ትንሽ ጋደል ብሎ ይቀመጣል። ተቀምጬም፣ ቆሜም፣ በጀርባዬ ተንጋልዬም እጄ በቀጥታ እጀታው ላይ ያርፋል። በግራ እጄም ይደረሳል። ሳሎናቸው ውስጥ ጥይት አልባውን ሽጉጥ እያወጣሁና እየመለስኩ፣ ጣቴን ከቃታው ውጪ እያደረግኩ፣ እስኪሰለቻቸው ድረስ አደረግኩት። ማታ ድንኳን ውስጥም ማህደሩን ራስጌዬ ማድረግ ይቻላል። ስለ ጥይት መጠን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራል፤ ስለ ማህደር የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ይህ ያናድደኛል። ቦርሳ ውስጥ ያለ ሽጉጥ ድንጋይ ነው።

ከዚያ የድብ ስፕሬይ፣ ድብን ለማባረር የሚረጭ የሚያቃጥል በርበሬ፣ ሰጡኝ። በአውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፤ እዚያው ነው የሚገዛው። «ይሄ መጀመሪያ፣ ያ በኋላ» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። ትክክል ናቸው። የድብ ተመራማሪዎቹ ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ አላስካ ውስጥ ስፕሬይ በቡናማ ድብ ላይ በተጠቀሙበት ጊዜ 92 በመቶው ድቡን አስቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 269 የጦር መሳሪያ አጋጣሚዎችን አይተው፣ ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ረጅም መሳሪያ 76 በመቶ ሠርቷል ብለዋል። መሳሪያ ሳይሠራ ከቀረባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ጊዜ ማጣት ነው። ስፕሬይ እንደ ደመና ስለሚዘረጋ ማነጣጠር አያስጨንቅም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣና ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ይዳከማል። ሁለቱን የያዝኩት ለዚህ ነው፤ ስፕሬዩ በግራ በቦርሳው ማንገቻ፣ ሽጉጡ ደረቴ ላይ።

ሆፕ ላይ ስንጀምር ወንዙ በሳልሞን ተሞልቶ ነበር። ዳሩ ላይ ግማሹ የተበላ ዓሣ አለ፣ ጭቃው ላይ ትኩስ ዳና። እየተነጋገርን፣ ኩርባው ጋ ስንደርስ ድምፃችንን ከፍ እያደረግን ሄድን። ድብን ሳያስደነግጡ ማለፍ ከየትኛውም መሳሪያ ይበልጣል።

ከፓሱ፣ ከተራራው መሻገሪያ፣ ወዲያ ስንወርድ ቁጥቋጦው መሃል ቡናማ ድብ አየን። ብሉቤሪ እየበላች ነበር። ሴት ናት ያልኩት አጠገቧ ግልገል ስላየሁ ነው። ሃምሳ ሜትር ያህል ትርቀናለች። ቀና አለች። አፍንጫዋ ይንቀሳቀሳል፣ ጆሮዋ ወደ እኛ ዞሯል። ቀኝ እጄ ወደ ስፕሬዩ ሄዶ መቆለፊያውን ነቅሏል። ሽጉጡን አልነካሁትም። ጓደኛዬ በዝግታ «እሺ እሜቴ፣ እየሄድን ነው» እያለ ያወራታል። አልሮጥንም። ፊታችንን ወደ እሷ አድርገን፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ትንሽ ትንሽ እያልን ራቅን። ግልገሉን አስከትላ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች።

ያን ጊዜ ሽጉጥ ብተኩስ ኖሮ የሚከተለውንም አውቃለሁ። አላስካ ውስጥ ሕይወትን ለማዳን ድብ የገደለ ሰው ቆዳውን ከነጥፍሩ ገፎ፣ ከራስ ቅሉ ጋር ለመንግሥት ማስረከብና በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ግልገሉም እናት አልባ ይቀራል።

ጋሼ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ ማህደሩን ብቻ እንደምቀይር ነገርኳቸው። ማንገቻው ዝናብ ሲነካው ይላላል፣ ሽጉጡም በየእርምጃው ይወዛወዛል። ስፋቱ የማይለወጥ ማንገቻ ያለው፣ ከሽጉጡ ቅርጽ ጋር የሚገጥም ጠንካራ ፕላስቲክ ማህደር ገዝቻለሁ። ሽጉጡ ያው 10 ሚሊሜትሩ ነው። በየወሩ የተኩስ ልምምድ አደርጋለሁ፤ የምለማመደውም ከደረት አውጥቶ በሁለት ሴኮንድ መምታትን ነው።