ከባሕር ዳር ወረታ፣ በነሐሴ ዝናብ

ወረታ የምትኖረው አክስቴ መታመሟን የሰማሁት በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ነበር። ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አስፋልት፣ አገሩም አብዛኛው ሜዳ በመሆኑ በሞተር ሳይክል ጧት ሄጄ፣ ጠይቄያት፣ ከሰዓት በኋላ ለመመለስ አሰብኩ። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በከተማችን ዘንባባ በተተከለበት ሰፊ ጎዳና ላይ፣ በካፊያ ቀን፣ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ላይ ስደርስ ፍሬን ይዤ ወድቄ ነበር። ፍጥነቴ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር፤ ቢሆንም ለአንድ ወር አነከስኩ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ አስፋልት ባየሁ ቁጥር ክንዴ ይደርቃል፣ መሪውንም አጥብቄ እይዛለሁ።

ይህንን የነገርኳቸው ጎረቤቴን ነው። እኚህ ሰው በግብርና ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ሳይክል ሲዞሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። እርሳቸውም ወረታ የሚጠይቁት ዘመድ ስለነበራቸው፣ በየራሳችን ሞተር አብረን እንድንሄድ ተስማማን።

ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ጋሼ ወደ ግቢያችን መጥተው ሁለቱንም ጎማዎቼን በአውራ ጣታቸው ዳበሷቸው። የፊተኛው ጥርሱ ጥልቅ ነበር፤ የኋለኛው ግን መካከሉ ላይ መሳሳት ጀምሯል። የጎማ ጥርስ ሥራው ውሃውን ከጎማውና ከአስፋልቱ መካከል ጨምቆ ወደ ጎን ማስወጣት ነውና፣ ጥርሱ ሲያልቅ ጎማው አስፋልቱን ትቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። «ለነገ ይበቃሃል፤ ግን ከ50 እንዳታሳልፍ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጎማው መንገዱን በደንብ እንዲይዝልኝ ጥቂት አየር ላስተነፍስለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ብዙ ጓደኞቼ በክረምት እንዲህ ያደርጋሉና። ጋሼ አጥብቀው ተቃወሙኝ። አየር የጎደለው ጎማ ለጭቃ ይጠቅም ይሆናል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን መካከሉ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ ውሃውን ከሥሩ ማስወጣት ያቅተዋል። ስለዚህ አምራቹ ባዘዘው ልክ አስሞላሁት። የኋላ መብራቱ በሁለቱም ፍሬኖች መብራቱን አየን፣ የካቴናውን ልልነት አስተካከልን፣ የሄልሜቴን መስታወትም ከውስጥ በኩል በጥቂት ሳሙና አሽተን በደረቅ ጨርቅ ወለወልነው፤ እንዲህ ሲደረግ እስትንፋስ ቶሎ አያደበዝዘውም። ከዝናብ ልብሴ ላይ ጋቢ ልደርብ ስል ግን ጋሼ ከለከሉኝ። የጋቢና የነጠላ ጫፍ ከካቴና ወይም ከኋላ ጎማ ጋር ተጠምጥሞ ሰው ሲጥል በዓይናቸው አይተዋል።

ከጧቱ 1 ሰዓት ተነሥተን ዓባይን በአሮጌው ድልድይ ተሻገርን። ዛሬ የምንሻገርበት 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነውና ያን ጊዜ አልነበረም። ለሦስት ቀን ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር አስፋልቱ ደረቅ ነበር። ዘንዘልማ ስንደርስ ግን ካፊያ ጀመረ፤ ልብስ እንኳ የማያርስ ስስ ካፊያ ነበርና እኔ ደስ ብሎኝ ለመቀጠል ስዘጋጅ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው መንገዱን ለቀቁና ከአንዲት ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሙ።

«ሰው የሚጥለው ይሄ ነው፣ ልጄ። ዶፉ ይምጣና አስፋልቱን ይጠብልን።»

ያ ማብራሪያ ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በደረቅ ቀናት አስፋልቱ ላይ ከመኪና የሚንጠባጠብ ዘይትና ናፍጣ፣ አቧራ፣ ከጎማ የተፋቀ ብናኝና የከብት እበት ይከማቻል። ካፊያው ሲመጣ ይህን ሁሉ ያላቁጠዋል እንጂ አያጥበውም። ስለዚህ መንገዱ እጅግ የሚያዳልጠው ዝናቡ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ከባድ ዝናብ ለሩብ ሰዓት ከወረደ በኋላ አስፋልቱ ምንም እንኳ ውሃ ቢይዝ ከዚያ ይሻላል። እኔ የወደቅኩበት ቀንም ካፊያ ነበር። ለሁለት ዓመት ጥፋቱን ሁሉ በነጩ ቀለም ላይ ጥዬ ነበር፤ ቀለሙ እርግጥ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ነገር ግን ገና በጀመረ ዝናብ፣ የከተማው ዘይት ሁሉ በላዩ ተነሥቶ ሳለ ፍሬን ከመያዝ የባሰ ጊዜ ልመርጥ አልችልም ነበር።

ዶፉ መጣ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ከዚያ ተነሣን። ጋሼ ከመንገዱ መሐል መስመር ርቀው፣ ከፊት የሄደው መኪና ጎማ ያለፈበትን ፈለግ ይዘው ነበር የሚነዱት። የመኪናው ጎማ ውሃውን ገፍቶ ስለሚያልፍ ፈለጉ ለጊዜው ይሳሳል፤ በሁለቱ ፈለጎች መካከል ያለው ጠቆር ያለ ሰቅ ግን የዘይት መንጠባጠቢያ ነው። ርቀቱንም በቁጥር አስተማሩኝ። የፊተኛው መኪና አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር እጀምራለሁ፤ እኔ እዚያው ምሰሶ ጋ እስክደርስ በደረቅ መንገድ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ፣ በእርጥብ መንገድ ደግሞ ቢያንስ አራት ሰከንድ ማለፍ አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ እንግዲህ እጅ ፍሬኑን ገና ሳይነካው የሚያልፍ ርቀት ነው። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 40 ሲወርድ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው መቆሚያ ከግማሽ በታች ስለሚሆን፣ ከ50 አታሳልፍ ማለታቸው ዕድሜ የገፋ ሰው ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

ከሐሙሲት ወዲህ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ መኪና በማይታይበት ቦታ፣ ፍሬን አለማመዱኝ። እኔ እንደ ብዙው የከተማችን ነጂ የፊት ፍሬንን በዝናብ ቀን ጨርሼ አልነካም ነበር፤ ይጥላል ይባላልና። ጋሼ ግን ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛው የማቆም ኃይል ከፊተኛው ጎማ እንደሚመጣ፣ የሚጥለውም ፍሬኑ ሳይሆን ድንገተኛው አያያዝ እንደሆነ ነገሩኝ። መጀመሪያ በሁለት ጣት ንክት ማድረግ፣ የፊቱ ዝቅ እስኪል መታገሥ፣ ከዚያ ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው ቀስ በቀስ መጨመር ነው፤ የኋላውንም አብሮ በለስላሳው መርገጥ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ የኋላው ፍሬን በዝቶብኝ ጎማው ተቆልፎ ሲንሸራተት ተሰማኝ፤ እግሬን ላላ ሳደርገው ወዲያው ተመለሰ። የእኔ የፊት ፍሬን ዲስክ ሲሆን የኋላው በሸራ የሚሠራ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ ካለፍን በኋላ የኋላውን በቀላሉ ይዤ ጥቂት ሜትር በመሄድ ሸራውን ማድረቅ እንዳለብኝም ጨመሩልኝ። ማርሽም እንዲሁ ነው። ድንገት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ቀይሮ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ የኋላ ፍሬንን በኃይል ከመርገጥ አይለይም።

በሐሙሲት ሻይ ጠጣን፤ ወረታም በሰላም ደረስን። አክስቴ ተሽሏት ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከእርሷ ጋር እስከ ቀትር ቆየሁ።

ስንመለስ 8 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ከምሥራቅ በኩል የጉና ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ጉማራ ወንዝ ከጉና ወርዶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ስለሚገባ፣ ሜዳው ላይ ጠብታ ባይወርድም ላይ የዘነበው ወንዙን ይሞላዋል። ሩዙ በግራና በቀኝ በውሃ ውስጥ ቆሟል። ሜዳው ሲጨቀይባቸው የፎገራ ከብቶች ከፍ ወዳለው አስፋልት ወጥተው ነበርና ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው በሁለተኛ ማርሽ፣ ያለ ጡሩምባ አለፍን። ከብት ከደነገጠ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም፤ ድንጋጤውን የሚከፍለው ደግሞ ሞተረኛው ነው። ከእግራቸው የወደቀው ድጥ አስፋልቱን ቀብቶት ስለነበር የኋላ ጎማዬ ለቅጽበት ወደ ጎን ሄደ። ፍሬን አልያዝኩም፣ መሪውንም አልታገልኩም፤ ነዳጁን በለስላሳው ቀንሼ ዓይኔን ልሄድበት ወደምፈልገው አቅጣጫ አደረግኩ፣ ሞተሩም ራሱን አቀና።

ከጉማራ ድልድይ ጥቂት ራቅ ብሎ ዝቅ ባለ ቦታ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ይፈስ ነበር። ጋሼ ገና ሩቅ ሳለን ቆሙ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍበት ተመለከትን፤ ውሃው የመኪናውን ጎማ ሩብ እንኳ አልሸፈነም፣ ሥሩም ጉድጓድ እንደሌለው ከመኪናው አካሄድ ታየን። እንዲህ ያለውን ውሃ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳያቋርጡ፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይቻላል። የጎማውን መካከል ከነካ ወይም ሥሩ ካልታየ ግን መመለስ ይሻላል፤ ሞተሩ በአየር ማስገቢያው ውሃ ከጠጣ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ የሚፈስ ውሃም ሞተርንም ሰውንም ይጎትታል።

ካለፍን በኋላ መብረቅ ጀመረ። ብልጭታውን አይቼ መቁጠር ጀመርኩ፤ ነጎድጓዱ ዘጠኝ ስል ተሰማ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው ማለት ነው፤ ከ30 ሰከንድ በታች ከተቆጠረ ደግሞ መጠለል ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሞተረኛው ነው፤ ሞተር ሳይክል እንደ መኪና ከላይ የሚሸፍነው ብረት የለውም። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ዋርካ ነበር፣ ሥሩም ሰዎች ተጠልለዋል። ጋሼ ከሞተሩ ሳይወርዱ «ኧረ እባካችሁ ከዛፍ ሥር ውጡ፤ ወደ ቤት ግቡ» ብለው ጮኹላቸው፤ ሁለት ልጆችና አንዲት እናት ከእኛ ጋር ወደ አንድ ቤት ሮጡ። የቤቱ እመቤት ወንበር ሰጥተውን፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላ ተቀመጥን። ቸኩለው የሚያልፉ ሞተረኞችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰቀል ነበር።

ቀሪው መንገድ ቀዝቃዛ ነበር። የረጠበ ጓንት በነፋስ ሲመታ ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬንን መጭመቅ ሲገባው ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ዘንዘልማ ላይ ቆመን እጃችንን በብብታችን አሞቅን። ሳይመሽ ዓባይን ተሻገርን።

ቤት ስደርስ እራት ከመብላቴ በፊት ጭቃውን አጠብኩ፣ ካቴናውን አድርቄ ዘይት ቀባሁት፤ ዝናብ ዘይቱን አጥቦት ስለነበር እስከ ንጋት ቢቆይ ዝገት ይጀምረው ነበር። የዝናብ ልብሴን በረንዳው ላይ ሰቀልኩ። በማግስቱ ጧት ጋሼ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ ገቡና ዳግመኛ የኋላ ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄንን ከመስከረም በፊት ቀይረው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ወስጄ አስቀየርኩት።