መድኃኒቱ ከእኔ በር ኋላ ነበር

ልጁን ያመጡት በወንበር ተሸክመው ነው። አጎቱና አንድ የጎረቤት ልጅ ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘዋል። እናቱ ነጠላቸውን አገልድመው ከኋላ ይከተላሉ። ከሽምብጥ እኛ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት፣ ባጃጅ የለም። ሐምሌ 2015 አልቆ ነሐሴ የገባበት ሰሞን ነው። ከተማው ውስጥ ተኩስ ነበር፤ ያኔ ባሕር ዳር የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ክሊኒኬን ዘግቼ ከርሜ በአምስተኛው ቀን የከፈትኩት ያን ዕለት ጠዋት ነበር።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ የስኳር ሕመም አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ ስል አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ሸተተኝ። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ኬቶን የሚባል አሲድም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታው የእሱ ነው። ጣቱን ወግቼ ለካሁት። መሣሪያው ቁጥር መስጠት አልቻለም፤ ስኳሩ ከሚያነበው በላይ ሆኗል።

እናቱን "መርፌው የቀረበት መቼ ነው?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ መጣን፣ ዝግ ነው። እሁድ መጣን፣ ዝግ ነው። መድኃኒቱ እኮ እናንተ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ፍሪጅ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት "ብልቃጡ እኛ ጋ ይቀመጥ" ያልኳቸው እኔ ነኝ። በፕላስተር ላይ ስሙን ጽፈን ለጠፍንበት። ጠዋትና ማታ እየመጣ ሲስተር ትወጋዋለች። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በራሳቸው ገንዘብ የገዙት መድኃኒት አምስት ቀን ከእኔ በር ኋላ ተቆልፎ ቆየ። በአካባቢው ያሉት መድኃኒት ቤቶችም ዝግ ነበሩ። የእኔ ስልክ ደግሞ እነሱ ጋ የለም። ሰጥቻቸው አላውቅም።

ሳላይን ሰቀልንለት። ከዚያ በዚያው ወንበር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል። ሲስተር ከረጢቱን ከራሷ በላይ ይዛ ከጎኑ እየሮጠች ነበር የሄደችው። በየመቶ ሜትሩ እጇን ትቀያይራለች። ልጁ ስምንት ቀን ተኝቶ ዳነ።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። አምስት ሠራተኞች ያሉት ትንሽ ክሊኒክ አለኝ። የከፈትኩት በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ከተማው ተረበሸ፤ ቁስለኛ ምን እንደሆነ ያኔ አየሁ። ከዚያ የክልሉ መሪዎች የተገደሉበት ሰኔ 2011 መጣ፣ ኢንተርኔትም አብሮ ጠፋ። በ2012 ኮሮና። በኅዳር 2013 አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ሮኬት ወደቀ። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች መጡ። ከዚያ ደግሞ 2015። በየመሐሉ ሁሌ "ይሄኛው አለፈ፣ አሁን እንሠራለን" እላለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ችግር በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነበር የምደነግጠው። ኮሽ ሲል እዘጋለሁ፣ ሲረጋጋ እከፍታለሁ። ለክሊኒክ ይህ አይሆንም። ሱቅ ቢዘጋ ስኳር የፈለገ ሰው ሻዩን መራራ ይጠጣል። እኔ ስዘጋ ምን እንደሚሆን ያ ልጅ አሳየኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩት። "በሩን እንዴት ሳልዘጋ እቆያለሁ?" ማለቱን ተውኩት። መዝጋት ግድ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ሠራተኛዬን ጥይት ውስጥ አልከትም። "በሩ ሲዘጋ ሕክምናው እንዳይዘጋ ምን ላድርግ?" ማለት ጀመርኩ።

የጀመርኩት ከመዝገብ ነው። የካርድ ክፍላችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ካርድ አለ። ግን ማን ነው መድኃኒት ሲቋረጥበት የሚሞተው ቢባል ማንም ወዲያው መመለስ አይችልም። ከሲስተር ጋር ሦስት ማታ ተቀምጠን ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጥን። 84 ሰው ወጣ። ስኳር፣ ደም ብዛት፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ገዛንና ጻፍናቸው። ስም፣ ሰፈር፣ መድኃኒት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የራሱ ስልክ፣ የጎረቤት ስልክ። የጎረቤት ስልክ የሚለውን ያመጣችው ሲስተር ናት። የአንዱ ባትሪ ሲያልቅ የሌላው ይሠራል ብላ።

"ለምን ኮምፒውተር ላይ አላደረጋችሁትም?" የሚለኝ ሰው አለ። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ዳታ ለወራት አልነበረም። መብራትም የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው። ደብተር ግን በጧፍም ይነበባል። አንዱ ግልባጭ ክሊኒኩ ውስጥ ነው፣ ሌላው ሲስተር ቤት። የሰው ምሥጢር ስለሆነ እሷ ጋ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።

ከ84ቱ ውስጥ በቀይ ያሰመርንባቸው አሉ። ኢንሱሊን የሚወጉት ሁሉ ቀይ ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለባቸውም እንዲሁ። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒታቸው በድንገት ሲቋረጥ ሰውየው ሳያባራ ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል፣ ይገድላልም። የደም ብዛት መድኃኒት ለሁለት ቀን ቢጓደል ብዙውን ጊዜ ጊዜ ይሰጣል። እነዚህ አይሰጡም። ግርግር ሲነሳ ቀድመን የምንደውለው ለቀዮቹ ነው።

ቀጥሎ ቀጠሮውን ቀየርን። ድሮ "መድኃኒትዎ ሲያልቅ ይምጡ" ነበር የምንለው። አሁን ግማሽ ወር ሲቀረው ይመጣሉ። ማንም ሰው ቤቱ ከ15 ቀን በታች መድኃኒት ይዞ እንዳይገኝ ነው። ይህ ለብዙዎች ከባድ ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃል። በአንዴ የወር ተኩል መግዛት የማይችል ሰው ብዙ ነው። በየወሩ የአምስት ቀን እየጨመሩ በሦስት ወር እንዲደርሱበት አደረግን። ከጎናችን ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ለቀዮቹ በዱቤ ለመስጠት ተስማማ። እሱን ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ወደ ኢንሱሊኑ ልመለስ፤ እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ይህን ተማሪ ሳለሁ ሸምድጃለሁ። ነገር ግን መወጋት የተጀመረበት ብልቃጥ ሙቀት እስካልበዛበት ድረስ ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ይህንንም አውቅ ነበር። አውቄም "ፍሪጅ ከሌላችሁ አይሆንም" ብዬ ልጁን ከእኔ በር ጋር አሰርኩት። ችግሩ ያለው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ያኔ የባሕር ዳር የቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

መልሱን ያመጡት የልጁ እናት ናቸው። ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ። "ጠላዬን የሚያቀዘቅዘው ገንቦ ለልጄ መድኃኒት አይሆንም?" አሉኝ አንድ ቀን። የሸክላ ማቀዝቀዣ በሌላ አገርም እንደሚሠሩ አነብ ነበር፤ ከዚህ ሰፈር ገንቦ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። ቅዳሜ ገበያ ሄደን ሁለት ሸክላ ገዛን፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ። በመካከላቸው አሸዋ ሞላን። አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውኃ ማራስ ነው። ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የውስጠኛው ሸክላ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል።

መጋቢት 2016 ላይ ቴርሞሜትር ይዤ ሽምብጥ ሄድኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ክፍሉ 31 ዲግሪ፣ ሸክላው ውስጥ 24። ሦስት ቀን እየተመላለስኩ ለካሁ፣ ያው ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ያን ያህል አያቀዘቅዝም፤ ያኔ ግን ክፍሉም አይሞቅም። ፍሪጅን አይተካም። ያልተከፈተው ብልቃጥ አሁንም እኛ ጋ ነው የሚቀመጠው። የተከፈተው ግን ከልጁ ጋር ቤቱ አድሯል። መውጋቱንም እሱ ራሱ ተማረ። በአንድ ሳምንት። ሁለት ዓመት ያመላለስነው በከንቱ ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ሸክላ ያላቸው 11 ቤቶች አሉን።

በሩን በተመለከተ ቀላል የምለው ነገር የለም። ከአምስታችን ሁለቱ አባይ ማዶ ነው የሚኖሩት። መንገድ ሲዘጋ ድልድዩን መሻገር አይችሉም። አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተከፍቷል፣ በደህናው ቀን ትልቅ እፎይታ ነው። በክፉ ቀን ግን ድልድይ ምንጊዜም መጀመሪያ የሚዘጋ ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቁልፍ በአምስት ደቂቃ በእግር የምትደርሰው ሲስተር ጋ ሆነ። ማዶ ያሉት ደግሞ እዚያው ሰፈራቸው ያሉትን ታካሚዎች ስም ይዘዋል። መውጣት ሲቻል በእግራቸው ያዩዋቸዋል።

አንድ ጊዜ ጠዋት ደውዬ "ለምን አልመጣሽም?" ብዬ አንዷን ተቆጣሁ። ስልኩን ይዛ አለቀሰች። ሌሊቱን ሙሉ ልጆቿን አልጋ ሥር አስተኝታ ነው ያደረችው። ከዚያ ወዲህ ስደውል የምጠይቀው "እንዴት አደራችሁ?" ብቻ ነው። መምጣት የሚችል ራሱ ይነግረኛል። ደሞዝም በቀሩበት ቀን አይቆረጥም። የሚገርመው፣ ይህን ካልኩ በኋላ የሚቀር ሰው ቀነሰ።

መድኃኒት ማከማቸት ላይ ተሳስቻለሁ። ከ2015ቱ ድንጋጤ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ገዛሁ። መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። ያ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ስላየሁ ፈራሁ። በዓመቱ ጊዜው ያለፈበት ሁለት ካርቶን የልጆች ሽሮፕ እንዲወገድ አስረከብኩ። ልቤ ነው የተቆረጠው። አሁን የማበዛው ጥቂት ነገር ነው። ሳላይን፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት)፣ ጓንት፣ የቁስል ዕቃ፣ የወባ መመርመሪያ። ወባውን የምጨምርበት ምክንያት አለኝ። ክረምቱ ወጥቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ በጣና ዙሪያ ይበረታል። በነሐሴ የተዘጋ መንገድ በመስከረም ወባ ላይ ነው የሚያስይዘኝ።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። የሦስት ወር ኪራይና ደሞዝ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ለመሙላት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ የመድኃኒት ዋጋ ሲወጣ እስከዚያ የተጠራቀመችው ገንዘብ ናት ያቆመችን። የተወሰነውን ጥሬ ብር አደርጋለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አብሮ ይጠፋል።

ሌላም አለ። ክሊኒካችን ውስጥ ቁስል ይዞ የመጣን ሰው ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ አንልም። ካርዱ ላይ ስሙ፣ ዕድሜውና ሕመሙ ይጻፋል። በር ላይ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብለን ለጥፈናል። ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይም ስለ ሁኔታው እንዳይከራከሩ በትሕትና እንለምናለን። ይህን ደንብ ካወጣነው ወዲህ ሰው ሁሉ ደፍሮ ይመጣል።

መፍትሔ ያላገኘሁለት ወሊድ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ ካለው ደቅ ደሴትና ከሐይቁ ዳር ከዘጌ የሚመጡ እናቶች አሉን። በደህና ቀን ጀልባ ይዘው ይመጣሉ። ነገር ሲበላሽ ጀልባው ይቆማል፤ ምጥ ደግሞ ማዕበልም ሰዓት እላፊም አያውቅም። ደም ሲፈስሳት ደሴት ላይ ማን ይደርስላታል? እስካሁን ያገኘነው አንድ ዘዴ ነው፤ ቀኗ ሳይደርስ ማምጣት። አንዳንዶቹን ጤና ጣቢያ ያለው የእናቶች ማቆያ ይቀበልልናል። ሌሎቹ ዘመድ ቤት ያርፋሉ። ባል እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ቤት የቀሩት ልጆች የሚበሉት የለም የምትልም አለች፤ እሷን ምን እንደምላት አላውቅም።

ዛሬ ማለዳ ደብተሩን ስገልጥ ከደቅ የመጣች አንዲት እናት ስም አየሁ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይቀራታል። ቀበሌ 14 እህቷ ጋ ናት። ሲስተር ከስሟ ጎን የእህትየውን ስልክ ጽፋለች፤ ከሥሩ ደግሞ የጎረቤቲቱን።